አሥራ ሁለት መግነዝ በጉምሩክ መጋዘን

ይህን ታሪክ የምጽፈው ጉምሩክን ለማመስገን አይደለም። ጉምሩክን የሚያመሰግን ሰው ከአንድ በቀር አላየሁም፤ እኔ ራሴ ሰባት ዓመት ሙሉ ደመወዙን ስበላ አንድ ቀን አመስግኜው አላውቅም። የምጽፈው አንድ ሽማግሌ፣ አንዲት ወጣትና እኔ በአንዲት ቅጽ ምክንያት እንዴት እንደ ተወዛገብን፣ በመጨረሻም ማን ከማን እንደ ተማረ ላስረዳ ብዬ ነው። ትምህርቱን ፈልጎ ያጣ አንባቢ ቢኖር ጥፋቱ የአጻጻፌ እንጂ የሽማግሌው አይደለም።

ስሜ በለጠ ነው። ከአዲስ አበባ ወደ አስመራ የተዛወርኩት ፌዴሬሽኑ በቀረበት ዓመት ሲሆን፣ ሥራዬ በምጽዋ በኩል የገባውን ዕቃ የታሪፉን መጽሐፍ እየገለጥኩ በየምድቡ ማስገባት ነው፤ ይህ ቆርቆሮ፣ ይህ ጨርቅ፣ ይህ ሸክላ እያልኩ። ሲያወሩት ቀላል ይመስላል። ኧረ ምኑ! አንድ ጊዜ የአሻንጉሊት ጃንጥላ መጥቶ ከአሻንጉሊት ይግባ ከጃንጥላ በሚል ሁለት ቀን ተጨቃጭቀናል። የምድሩ ዕቃ እንዲህ ካደረገን የሰማዩ ሲመጣ ምን እንደምንሆን አስቡት።

በ፲፱፻፶፯ ዓ.ም. በሰኔ፣ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በአስመራ ዋና ጎዳና በኮምቢሽታቶ እየተንሸራሸርኩ ሳለ ዝናቡ መጣና ወደ አውቶቡስ ፌርማታው ሮጥኩ። ከመጠለያው ሥር ከኮታቸው በላይ ጋቢ የደረቡ፣ ሰባውን ያለፉ አንድ ሽማግሌና ጃንጥላ የያዘች አንዲት ወጣት ቆመው ይከራከራሉ። ንግግራቸው በትግርኛ ነበር። እኔ አስመራ ስኖር ሦስት ዓመት ሊሞላኝ ነው፤ ትግርኛ ቢያቅተኝ ሰውም አልባል። ስለዚህ የሰማሁትን በአማርኛ ገልብጬ ነው የምጽፈው፤ አንዳንዷን ቃል ግን እንዳለች ትቻታለሁ፤ ጓለይና ወደይ ልጄ፣ አቦይ አባቴ፣ ሓፍተይ እኅቴ ማለት ነው።

«ቀይ ቀለም!» ይላሉ ሽማግሌው ወረቀት እያራገቡ። «ጓለይ፣ ተመልከቺ! ከጎልጎታ የመጣ በረከት በቀይ ቀለም ተሰረዘ! ይህን ያደረገ እጅ…»

«አይርገሙ አቦይ፣» አለች ወጣቷ። «ሰውዬው ሥራውን ነው የሠራው።»

«ሥራው በረከት መሰረዝ ነው?»

ወረቀቱን ሰረቅ አድርጌ አየሁት። የጉምሩክ ዲክላራሲዮን፣ ማለትም የዕቃ መግለጫ ቅጽ፣ ነበር፤ ቀዩ ቀለም የእኔ፣ ፊርማውም የእኔ። ረቡዕ ዕለት ከአርባ ወረቀት ጋር ጠረጴዛዬ ላይ ደርሶ ነበር። «የዕቃው ዓይነት» በሚለው ትይዩ «በረከት» ተብሎ ተጽፏል። የመጣበት አገር፣ «ጎልጎታ»። ብዛት፣ «እግዚአብሔር ያውቃል»። ዋጋ፣ «በረከት አይተመንም»። እኔም የዚያን ቀን ጨጓራዬ ተነሥቶብኝ ስለ ነበር «ይኼ ደግሞ የምን ቀልደኛ ነው!» ብዬ ከላይ እስከ ታች አንድ መስመር አጋደምኩበትና «መግለጫው አይበቃም፤ ተዘርዝሮ ይቅረብ» ብዬ መለስኩት። ቀልደኛው ይኸው ከፊቴ ቆመው ጢማቸው ይንቀጠቀጣል።

«አንተ ወደይ፣» አሉኝ ወደ እኔ ዞረው፣ በአማርኛ። «የሸዋ ሰው ትመስላለህ። ይኼ ጸሓፊ ምን ማለቱ ነው?»

የገዛ ጽሕፈቴን እንደ ባዕድ ጽሕፈት ተቀብዬ አነበብኩላቸው። «በሳጥኑ ውስጥ ያለው እያንዳንዱ ዕቃ በየስሙ ይጻፍ ነው የሚለው፣ አባቴ።»

«ለመሆኑ ይህ ሰው ክርስቲያን ነው?»

«ይመስለኛል።»

«ተጠምቋል?»

«በአርባ ቀኑ ሳይጠመቅ አይቀርም።»

«አይመስለኝም፣» አሉ በሐዘን።

ወጣቷ አንዴ ፊርማውን፣ አንዴ ፊቴን አየችና ሳቋን ለመዋጥ ከንፈሯን ነከሰች። ዘቢብ ትባላለች። በአንድ የትራንዚት ቢሮ በታይፕ ጸሓፊነት ስለምትሠራ የእኔ ፊርማ በቀን አሥር ጊዜ በእጇ ያልፋል። ያን ጊዜ ግን አላጋለጠችኝም፤ እግዜር ይስጣት። እኔም ከኀፍረት የተነሣ «ዝናቡ እስኪያባራ ሻሂ ልጋብዛችሁ» አልኩና ማዶ ካለው ሻሂ ቤት ገባን።

ሽማግሌው አቦይ ዓንደማርያም ናቸው። ዘቢብ ደግሞ የታላቅ እኅታቸው የወይዘሮ ለተሰንበት የልጅ ልጅ ናት። አቦይ ዓንደማርያም ለፋሲካ ኢየሩሳሌም ወርደው ተሳልመው፣ እሳቸው በአውሮፕላን ሲመለሱ ሳጥናቸው በመርከብ ተከተላቸው። በሳጥኑ ውስጥ በሠላሳ ሦስት ሠላሳ ሦስት የታሰረ ጧፍ፣ ከቤተ ልሔም የዛጎል መስቀል፣ የእመቤታችን ሥዕል፣ የዮርዳኖስ ውኃ አለ። ከሁሉ በላይ ግን መግነዝ አለ፤ የጌታ መቀበርና መነሣት የታተመበት ነጭ ጨርቅ፣ በመቃብሩ ላይ ተነጥፎ የተባረከ። ይህ ለኪዳነ ምሕረት ማኅበራቸው አረጋውያን በሞታቸው ቀን የሚገነዙበት ስጦታ ነው።

«የመጀመሪያው የዓባየይ ነው፣» አለችኝ ዘቢብ። ዓባየይ ማለት አያቴ ማለት ነው። «እዚህ ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ዓዲ ኣበይቶ፣ ከግንቦት ጀምሮ እንደ ተኛች ናት። ሐኪሙ አንድ ሳምንት፣ ቢበዛ ሁለት ነው ያለን። በየጠዋቱ ዓይኗን ስትገልጥ "መጣ?" ነው የምትለኝ። ሳጥኑ ደግሞ ከተማው ውስጥ ተቆልፎበት ተቀምጧል። ሳይደርስላት ብትሞትስ?»

«እኔ ቀረጡን አልከፍልም አላልኩም!» አሉ አቦይ። «የጠየቁኝን እከፍላለሁ። ስሙን ግን አላዋርድም።»

«ጨርቅ ብለው ይጻፉና ይውጣ አቦይ!»

«ጨርቅ?» ብርጭቆውን አስቀመጡ። «በጌታ መቃብር ላይ አንጥፌ እንባዬን ያፈሰስኩበትን ጨርቅ ልበለው? መስቀሉን ዛጎል፣ የእመቤታችንን ሥዕል ወረቀት ልበል? ጓለይ፣ እንዲህ ብዬ ከፈረምኩ በረከቱ ጥሎት ይሄዳል። ለእኅቴ ይዤላት የምገባው እውነትም ጨርቅ ይሆናል። ይህንን ነው የምትፈልጊው?»

ዕድሜ ልኬን ጨርቅ ጨርቅ ስል የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ይህን ስሰማ ግን ቃሉን ዳግመኛ መጥራት ፈራሁ።

«አምና ሆስፒታል ሲተኙ ነርሷ ሚዛን ላይ አቁማ ሃምሳ ስምንት ኪሎ ብላ ጻፈች፣» አለች ዘቢብ ቀስ ብላ። «ነፍስዎን ነው የመዘነችው?»

«ሥጋዬን ነው እንጂ።»

«ሃምሳ ስምንት ኪሎ ስለ ተባሉ ነፍስዎ ጥላዎት ሄደች?»

«ነርሷ ፈርም አላለችኝም!» ጠረጴዛውን መቱ፤ ሻሂው ፈሰሰ። «ይህ ወረቀት ግን ከሥሩ "ከላይ የጻፍኩት እውነት መሆኑን አረጋግጣለሁ" ይላል። ጨርቅ ነው ማለት ግማሽ እውነት ነው። ግማሽ እውነት ጽፌ ስሜን ባኖርበት ውሸት ፈረምኩ ማለት ነው። በሰባ ሦስት ዓመቴ፣ ከኢየሩሳሌም በመጣሁ በሁለት ወሬ ልዋሽ?»

እንግዲህ እውነቱን ልናገር፤ እንዲህ ያለ ጥያቄ በሥራዬ ላይ ቀርቦልኝ አያውቅም። ዘቢብ ስትናገር «ትክክል ናት» እላለሁ፤ አቦይ ሲመልሱ «የለም፣ ትክክሉ እሳቸው ናቸው» እላለሁ። ጭንቅላቴ ወዲያና ወዲህ ሲመላለስ አንገቴ ታመመ። በመጨረሻ ብልጭ አለብኝና፣

«ቅጹ እኮ እንዲህ አያስብም አባቴ!» ብዬ ጮኽኩ። «እኔም ያን ቀን መስመሩን ሳሰምርበት በረከቱን ንቄ ሳይሆን…»

ወይ ጣጣ! አፌ አጋለጠኝ።

«አቶ በለጠ፣» አለች ዘቢብ በታላቅ ትሕትና፣ «እንግዲህ ራስዎ ቢነግሯቸው ይሻላል።»

አቦይ ዓንደማርያም ወደ እኔ ዞሩ። «አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ።»

«ቀዩ ቀለም?»

«የእኔ ነው። ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

«ወይ ጉድ!» አሉ ባዶውን ብርጭቆ እያዩ። «ሻሂህን ጠጣሁት!»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። እሳቸው ግን እጃቸውን ወደ ደረት ኪሳቸው ሰደው በአራት የታጠፈ ሌላ ወረቀት አወጡና ከፊቴ አኖሩት። አንድ የሚያውቋቸው ቄስ የጻፉላቸው ደብዳቤ ነበር። በሳጥኑ ውስጥ ያለው ሁሉ የቤተ ክርስቲያን ንዋየ ቅድሳት ስለሆነ ያለ ቀረጥ እንዲለቀቅ ይላል።

«ይኼስ? በዚህ ላይ ጨርቅ የሚል ቃል የለም።»

«ደብዳቤው ደንበኛ ነው፣» አልኩ። «በዚህ ከሆነ ሰኞ ይወጣል።»

«ተመስገን!» ወደ ዘቢብ ዞሩ። «አላልኩሽም?»

«ነገር ግን አባቴ፣ ከመጋዘን የሚረከበው ደብሩ ነው። ዕቃው በቤተ ክርስቲያኑ የንብረት መዝገብ ይገባል። ከዚያ ወዲያ ለግለሰብ አይሰጥም።»

«ለለተሰንበትስ?»

«የቤተ ክርስቲያን ንብረት ለብሰው እንዴት ይቀበራሉ?»

ፊታቸው ጠቆረ። ደብዳቤውን አንሥተው አዩት፣ መልሰው አስቀመጡት፣ እንደገና አነሡት። ማዳኛ ነው ብለው የያዙት ወረቀት መግነዙን ከእኅታቸው እጅ የሚያወጣ መሆኑን ሲረዱ አጥፈው ወደ ኪሳቸው ከተቱት።

«አቦይ፣» አለች ዘቢብ እጃቸውን ይዛ፣ «ስጦታ የሚባለው የራስዎ የሆነውን ሲሰጡ ነው። የራስዎ እንዲሆን ደግሞ ምን እንደሆነ ተናግረው በስምዎ ያውጡት። ስሙን ሳይናገሩ ይቅር ካሉ የመጋዘኑ ነው። የቤተ ክርስቲያን ነው ካሉ የቤተ ክርስቲያን ነው። ለዓባየይ የሚሰጡት ምኑን ነው?»

«እኔ ምን ልሁን?» አሉ። «በጣሊያን ጊዜ ዶጋና፣ የዛሬው ጉምሩክ፣ በጣሊያንኛ ተናገር አለኝ። እንግሊዝ መጣና በእንግሊዝኛ አለ። ከዚያ በራሳችን ቋንቋ ጻፍን፣ ደስ አለን። ትናንት ደግሞ በአማርኛ ሆነ። መንግሥት በተለወጠ ቁጥር ዕቃዬን ሌላ ስም አውጣለት እባላለሁ። እኔ ይህን አንዱን እንኳ እግዚአብሔር ባወጣለት ስም ብተወው አጠፋሁ? ግራ ቢገባኝ ይፈረድብኛል?»

«አይፈረድብዎትም፣» አልኩ። በአማርኛ ቅጽ ላይ ቀይ ቀለም ሳፈስ እንዲህ ያለ ነገር አንድም ቀን አስቤ አላውቅም፤ አፈርኩ።

ዘቢብ ግን ተስፋ የምትቆርጥ ልጅ አይደለችም። የተሰረዘውን ቅጽ ወደ እሳቸው አስጠጋች። «ይመልከቱት። "ጨርቅ ብቻ ነው" የሚል የት አለ? "ብቻ" የሚል ቃል አለበት?»

አቦይ መነጽራቸውን አድርገው ከላይ እስከ ታች፣ ከታች እስከ ላይ ፈለጉ። «የለም።»

«መንግሥት የሚጠይቅዎ ከምን እንደ ተሠራ ነው። ለምን እንደሆነማ ለእግዚአብሔር ቀድመው በጸሎት ነግረውታል። ለአንዱ የነገሩትን ለሌላው ስላልደገሙ ውሸታም አይባሉም።»

እኔም በዚህ መካከል፣ ከየት እንደ መጣልኝ እንጃ፣ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። «አባቴ፣ የአርማትያሱ ዮሴፍ ጌታን ሊገንዝ ከገበያ የገዛው ምን ነበር?»

«በፍታ ነዋ።»

«በረከት ገዛ አልተባለም?»

በመነጽራቸው ላይ አሻግረው አዩኝ።

«ነጋዴው በፍታ ብሎ ሸጠለት፣ ዮሴፍም በፍታ ብሎ ገዛው። በፍታ ስለ ተባለ ከክብሩ የጎደለ ነገር አለ?»

አቦይ ዓንደማርያም መነጽራቸውን አውልቀው በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉ። ወደ ውጭ፣ ወደ ዝናቡ አዩ።

«ሰኞ የምትከፍቱት በስንት ሰዓት ነው?» አሉኝ።

ሰኞ ጠዋት ገና በሩ ሳይከፈት ቆመው አገኘኋቸው። «ደሓን ዶ ሓዲርኩም» ተባባልን፤ ስለ ሻሂው ያነሣ የለም። ዘቢብ ስጦታው ለንግድ አለመሆኑን ለማሳየት የተቀባዮቹን ስም በታይፕ ጽፋ አምጥታለች። ከለተሰንበት ጀምሮ በርሄ፣ ንጋሲ፣ ኣበበች፣ ሰረቀብርሃን እያለ ይወርድና በመጨረሻው፣ በአሥራ ሦስተኛው ላይ፣ ዓንደማርያም ይላል።

ማኅተሙን በፊታቸው ቆርጬ ሳጥኑን ከፈትኩ። የሰም ሽታ ወጣ። ጧፉን ከጧፍ፣ መስቀሉን ከዛጎል ሥራ፣ ሥዕሉን ከታተመ ወረቀት እያልን አንድ በአንድ ጻፍን። አቦይ በእያንዳንዱ ላይ ቀድመው ያማትቡና ከዚያ ለዘቢብ «ጻፊ» ይሏታል። ይህ ዘዴ የራሳቸው ፈጠራ ነው፤ ማንንም አልጎዳም።

መግነዙ ላይ ስንደርስ ግን ግራ የመጋባቱ ተራ የእኔ ሆነ። የታሪፉ መጽሐፍ ጨርቅን ለብቻ፣ ልብስን ለብቻ ነው የሚያስቀምጠው። መግነዝ ከየትኛው ነው?

«ይለበሳል?» አልኩ።

«ይለበሳል፣» አለች ዘቢብ።

«ማን ነው የሚለብሰው?»

«የሞተ ሰው።»

መጽሐፉን ገለጥኩ። የወንድ ልብስ አለ፣ የሴት አለ፣ የሕፃን አለ፤ የሞተ ሰው የለም። ወደ ኋላ ገለጥኩ፣ ወደ ፊት ገለጥኩ፣ ላብ አሰመጠኝ። ቅዳሜ ዕለት ሽማግሌውን ለማስረዳት ያን ያህል የደነፋሁት ሰውዬ ሰኞ ዕለት የማደርገው ጠፋኝ። ልመድበው ብል አልችል፤ «በረከት» ብዬ ጽፌ ልገላገል የሚል ሐሳብ ሁሉ ሽው አለብኝ፤ እግዜር ይቅር ይበለኝ።

አቦይ ዓንደማርያም አሳዘንኳቸው መሰለኝ ትከሻዬን ነካ አደረጉኝ። «ወደይ፣ አትጨነቅ። እየው፣ መርፌ አልነካውም። ያልተሰፋ ልብስ የለም። ጨርቅ ነው፤ ጨርቅ በለው።»

ዘቢብ ሳቋን መያዝ አቃታት። እሳቸውም ያሉት ነገር የገባቸው ቆይቶ ነው፤ አፋቸውን በእጃቸው ከደኑ። እንዲህ ነው እንግዲህ፣ አንባቢ ሆይ! ሰው ሲማር ለራሱ ብቻ አይማርም፤ አስተማሪው መንገድ በጠፋው ሰዓት እሱ ያሳየዋል።

«ብዛት?» አልኩ።

አቦይ በሱቁ ስም እየጠሩ ወሰዱ እንጂ ቁጥሩን አያውቁትም። ዘቢብ እያነሣች ቆጠረች፤ አሥራ ሁለት። እንደገና ቆጠረች፤ አሥራ ሁለት። ስሙ አሥራ ሦስት ነው።

የአቦይ ፊት አመድ መሰለ። «አንድ ጎደለ! ዶጋና ውስጥ… እዚሁ መጋዘን ውስጥ…»

«ማኅተሙን በዓይንዎ ፊት ነው እኮ የቆረጥኩት!» ተቆጣሁ፤ ይህች ነገር አንጀቴን ታሳርረኛለች። «ጉምሩክ ሁሉ ሌባ ነው ማለት ነው?»

«ቆዩ፣ ሁለታችሁም ቆዩ፣» አለች ዘቢብ። ከሳጥኑ ሥር ከጧፉ መካከል አንዲት ቅዳጅ ወረቀት አወጣች። የኢየሩሳሌሙ ባለ ሱቅ ደረሰኝ ነበረች። በላይዋ ላይ ቁጥሩ ተጽፏል፤ አሥራ ሁለት።

አቦይ ደረሰኟን ተቀብለው ሳጥኑ ጠርዝ ላይ ተቀመጡ። ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ አየሁ። ሱቁ ውስጥ እንዳደረጉት በመቁጠሪያቸው እያሳለፉ ስሞቹን በሹክሹክታ ጠሩ፤ ለተሰንበት፣ በርሄ፣ ንጋሲ… እስከ መጨረሻው። ከዚያ ቀና አሉ።

«ራሴን አልቆጠርኩም፣» አሉ።

ደረሰኟን አጥፈው ለዘቢብ መለሱላት።

«ብዛቱን እግዚአብሔር ያውቃል ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ዛሬ ባይቆጠር ኖሮ ረቡዕ፣ በማኅበሩ ቀን፣ የራሴን አስቀርቼ ሳድል አንዱ ሽማግሌ እጁን ዘርግቶ ይቀር ነበር። እኔም በዶጋና ላይ፣ በመርከቡ ላይ፣ በዚህ ልጅ ላይ እርግማን አወርድ ነበር።» ወደ እኔ አዩ። «ቅድም ክፉ ተናገርኩህ። ይቅር በለኝ።»

«ኧረ ምንም አይደል አቦይ፣» አልኩ። ከዚያ በፊት አባቴ ነበር የምላቸው፤ አቦይ ያልኩት ያን ጊዜ ነው።

ብዕሬን ተቀበሉኝና ከስም ዝርዝሩ ላይ አሥራ ሦስተኛውን፣ የገዛ ስማቸውን፣ ሰረዙት። ዘቢብ «አይሆንም፣ አቦይ፣ ሌላ መንገድ እንፈልግ» ብላ ብትለምን ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ «እውነት መሆኑን አረጋግጣለሁ» ከሚለው ሥር ቀስ ብለው፣ በቁም ጽሕፈት፣ ዓንደማርያም ብለው ጻፉ። ሳጥኑ በዚያው ቀን ከቀትር በኋላ ወጣ።

ዓዲ ኣበይቶ ካልመጣህ ብለው እኔንም ይዘውኝ ሄዱ። ወይዘሮ ለተሰንበት ከአልጋ ላይ ሆነው የበሩን ድምፅ ሲሰሙ «መጣ?» አሉ።

«እወ፣ ዓባየይ። መጥቷል።» ዘቢብ መግነዙን በጉልበታቸው ላይ ዘረጋችላቸው።

ዓይናቸው ደክሟል፤ በጣታቸው ነው ያዩት። ዳር ዳሩን ዳስሰው፣ ሥዕሉ ላይ ሲደርሱ ቆሙና ሳሙት። ቆይተው ወደ ወንድማቸው ዞሩ። የክርክሩ ወሬ ቀድሞ ደርሷቸው ኖሯል።

«በምን ስም አስወጣኸው?»

«ጨርቅ ብዬ፣ ሓፍተይ፣» አሉ አቦይ አቀርቅረው።

«ታዲያ ምን ልትለው ኖሯል?» ሳቁ፤ ሳቁ ወደ ሳል ተለወጠ። «ወረቀቱን አንብቡልኝ።»

ዘቢብ የዲክላራሲዮኑን ግልባጭ አውጥታ አነበበች። «የታተመ የጥጥ ጨርቅ፣ ያልተሰፋ፣ ብዛት አሥራ ሁለት። ተቀባይ፣ አንደኛ፣ ወይዘሮ ለተሰንበት፣ ዓዲ ኣበይቶ…»

«ማን አልሽ?»

«ለተሰንበት።»

«ስሜ ተጽፏል? በመንግሥት ወረቀት?»

«ማኅተምም አለበት፣ ዓባየይ።»

አሮጊቷ እጃቸውን ወደ ወረቀቱ ሰደዱ። ሰማንያ ሁለት ዓመት ሲኖሩ ጣሊያንም እንግሊዝም አልጻፋቸው፤ የልደት ወረቀት የለ፣ የጋብቻ ወረቀት የለ። «እንግዲያው ከመግነዙ ጋር አጥፋችሁ አብራችሁ ቅበሩልኝ፣» አሉ።

«ሓፍተይ!» አቦይ ዓንደማርያም ብድግ አሉ። «ይኼ እኮ የዶጋና ወረቀት ነው! ከወረቀትና ከቀለም በቀር ምንም የለበትም!»

«እዚያም በር አለ። ምን ይዘሽ መጣሽ ብለው ቢጠይቁኝ ምን እላለሁ?»

አቦይ ወደ እኔ ዞሩ። ዋናው ወረቀት ከቢሮ እንዳይወጣ ደንቡ ይከለክላል። ግልባጭ ግን የባለ ዕቃው ነው፤ ባለ ዕቃው የትም ይዞት ይሂድ። ይህንኑ ተናገርኩ። ወይዘሮ ለተሰንበት «የቐንየለይ» ብለው አመሰገኑኝ። ጉምሩክ ሲመሰገን የሰማሁት ያን ጊዜ ነው፤ የማመስገኛው ምክንያት ግን እስከ ዛሬ ግራ ያጋባኛል።

በማግሥቱ አይደለም በሦስተኛው ቀን፣ ሰኔ ፲፮፣ የኪዳነ ምሕረት ማኅበር ተሰበሰበ። አቦይ ዓንደማርያም መግነዞቹን በየስሙ አድለው ሲጨርሱ ቆመው ተናገሩ፤ ዘቢብ ቃል በቃል ነው የነገረችኝ።

«በሚመጣው ዓመት የምትሳለሙ ስሙኝ። የምታመጡትን ዕቃ ገና እዚያው ሳላችሁ አንድ በአንድ ጻፉት፤ ከምን እንደ ተሠራ፣ ስንት እንደሆነ፣ ለማን እንደሆነ። እኔ አልጽፍም ብዬ የታመመች እኅቴን ሳምንት ያህል አስጠበቅኳት። የጻፍኩ ዕለት በአንድ ቀን ወጣልኝ። ያልተጻፈ ዕቃ ቢጠፋ ማንን ትጠይቃላችሁ? ያልተቆጠረ ቢጎድል በማን ታሳብባላችሁ? ለመቅለል ብላችሁ የቤተ ክርስቲያን ነው አትበሉ፤ የቤተ ክርስቲያኑን ለቤተ ክርስቲያን፣ የራሳችሁን በስማችሁ አምጡ። ጨርቁን ጨርቅ ብዬ ፈርሜ አየሁት፤ በረከቱ ጥሎት አልሄደም። ጥሎት ቢሄድ ለተሰንበት በጣቷ ታውቀው ነበር።» ከዚያ ጨመሩ፣ «ስትቆጥሩ ደግሞ ራሳችሁን አትርሱ።»

ይህ ምክር ከአንድ ሺህ የመሥሪያ ቤት ሰርኩላር ይበልጣል። ከዚያ ወዲህ ከኢየሩሳሌም የሚመጡ ሳጥኖች ጠረጴዛዬ ላይ ሲደርሱ ጧፉ ጧፍ፣ መስቀሉ ዛጎል ተብሎ በጥሩ ጽሕፈት ይመጣል። በአንድና በሁለት ቀን ይወጣሉ። መጋዘኑ በር ላይ የሚያለቅስ ተሳላሚ የለም፤ የሚራገምም ቀንሷል። እኔም ብሆን ተምሬያለሁ፤ ቀዩን ብዕር ከማንሣቴ በፊት ባለ ዕቃውን አስጠርቼ አነጋግራለሁ። በቅጹ ማዶ ሰው እንዳለ ያን ቅዳሜ ዝናብ ባይመታኝ ኖሮ መቼ አውቀው ነበር?

ወይዘሮ ለተሰንበት በሰኔ መጨረሻ ዐረፉ። ለቀብር ስሄድ ቀሳውስቱ ፍትሐቱን ጀምረው ነበር። አቦይ ዓንደማርያም ከግቢው በር ላይ ጠበቁኝና ወደ ጓዳ ወሰዱኝ። እኅታቸው በዚያ ነጭ ጨርቅ ተገንዘው ተኝተዋል፤ ደረታቸው ላይ ግልባጩ በአራት ታጥፎ ተቀምጧል፤ ገና አልሸፈኑትም።

አቦይ ወረቀቱን አንሥተው ዘረጉትና ወደ መስኮቱ ብርሃን አስጠጉት። ዓይናቸው በእንባ ተሞልቶ ስለ ነበር ማየት አልቻሉም።

«ወደይ፣ አንተ እይልኝ፣» አሉኝ። «ስሟ በደንብ ይነበባል?»

ተቀብዬ አየሁት። እኔም አልታየኝም። «ይነበባል፣ አቦይ፣» አልኳቸው፤ ተቀብለውኝ አጥፈው በእኅታቸው ደረት ላይ መለሱት።